አርብ የቆመች መኪና ሰኞ አልነሳ ስትል

አንድ አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «ቪትዜን አርብ ማታ አቆማታለሁ። ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ቀጭ ቀጭ ብቻ! በኬብል ካስነሳኋት ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ናት። ባትሪው ከተገዛ አራት ወሩ ነው፤ መካኒኩ ግን ሌላ ግዛ ይለኛል።»

ሳይለኩ አይግዙ። በየቀኑ ሲነዷት ደህና ሆና ስትቆም የምትሞት መኪና ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶም ባትሪ የሚበላ ነገር አለ። ሂሳቡን ይዩት። ከአርብ ማታ 2 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት 60 ሰዓት ነው። ግማሽ አምፔር ብቻ እየሄደ ቢያድር 30 አምፔር ሰዓት ያልቃል። ባትሪዎ የ45 ከሆነ ምን ቀረው?

ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) ይግዙ። ርካሹም ይሆናል፤ ብቻ የ10 አምፔር ቀዳዳ ይኑረው። መጀመሪያ ሞተሩን አስነስተው ባትሪውን በቮልት ይለኩ። 14 አካባቢ ካሳየ ዲናሞው ይሞላል ማለት ነው። 12 ላይ ከቀረ ግን ችግሩ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ነው፤ ወደ ታች ማንበብ አያስፈልግዎትም።

አሁን ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ያውጡ። ዳሽቦርድ ስር ያሉትን ፊውዞች ስለሚነኩ በሩ ክፍት ይሁን፤ የበሩን መብራት የምታበራዋን ቁልፍ ግን ተጭነው በፕላስተር ያሽጓት። የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ይፍቱ። የቴስተሩን ቀይ ገመድ በ10 አምፔር ቀዳዳ ሰክተው በተፈታው ኬብል ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያስሩ። ከዚህ በኋላ ቁልፍ እንዳይነኩ! ሞተር ላስነሳ ካሉ የቴስተሩ ፊውዝ፣ ፊውዝ ከሌለው ደግሞ ቴስተሩ ራሱ ይቃጠላል።

ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ቡና ይጠጡ። መኪናዋ ወዲያው አትተኛም፣ መጀመሪያ የሚያዩት ቁጥር ያሳስትዎታል። ከ0.05 አምፔር በታች ከወረደ ደህና ነው። 0.3 ወይም 0.5 ላይ ከቆመ ሌባው አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን ይዩ። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ፊውዝ የማን እንደሆነ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ሁሉንም ነቅለው ካልወረደ ዲናሞውን ይጠርጥሩ፤ በደንብ እየሞላም ዳዮዱ (ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ክፍል) ሊያሾልክ ይችላል።

እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የፋብሪካ ጥፋት የለባቸውም። በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ጂፒኤስ ወይም ቴፕ ነው፤ ሽቦው ተልጦ፣ ተጠማዞ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ያገኙታል። የኋላ ዕቃ መጫኛ መብራትም አይረሳ። ስልክዎን ቪዲዮ ላይ አድርገው ውስጥ ያስቀምጡና ይዝጉ። ተዘግቶም ከበራ በቪዲዮው ያዩታል።

የጠረጠሩትን ፊውዝ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ነቅለው ይተዉት። ሰኞ በአንድ ቁልፍ ከተነሳች ለኤሌክትሪሻኑ ያንን መስመር ብቻ ያሳዩት።