«ቤቴን አደብዝዙልኝ»፦ ስለ ስትሪት ቪው በጀርመን፣ ጥያቄና መልስ

ጀርመን የምንኖር ሐበሾች ስለ ጉግል ስትሪት ቪው (ካሜራ በተሸከሙ መኪኖች የተቀረጹ ጎዳናዎችን በካርታ ላይ ስለሚያሳየው አገልግሎት) የምንጠያየቀው ነገር ብዙ ነው። የካርታ መረጃ ማቀናበር እንጀራዬ ስለሆነ «ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። የኢትዮጵያን አዋጅ ከምጠቅስበት ቦታ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይ ሳለሁ የፈለግሁትን የገጠር መንገድ በስልኬ አይ ነበር። ጀርመን ስመጣ ግን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ምንም አልነበረም፤ የነበረውም ያረጀ ነበር። ይህን የሚያህል አገር ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

መኪና አጥቶ አይደለም። የጉግል መኪኖች በ2008 የጀርመንን ጎዳናዎች መቅረጽ ጀምረው ነበር። ቅሬታውም አብሮ ተጀመረ። በሰሜን ጀርመን ከኪል ከተማ አጠገብ ያለች ሞልፍዜ የምትባል ትንሽ ቦታ «ያለ ልዩ ፈቃድ በመንገዶቻችን ላይ አትቀርጹም» ብላ ስሟ በአገር ተሰማ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ የዚያን ጊዜዋ የሸማቾች ጥበቃ ሚኒስትር ኢልዜ አይግነር ሳይቀሩ በአደባባይ ተቃወሙት። በመጨረሻ የተደረሰበት ስምምነት በሌሎች አገሮች የተለመደ አልነበረም፦ ምስሉ ከመውጣቱ በፊት ነዋሪው «ቤቴን አደብዝዙልኝ» ማለት ይችላል።

በኖቬምበር 2010 መጀመሪያ ኦበርሽታውፈን የተባለች የባቫሪያ የተራራ ከተማ ተከፈተች። እርሷ እንኳ መምጣቱን ፈልጋው ነበር፤ ለጉግል ኬክ ጋግራ ነው የተቀበለችው። በዚያው ወር በ18ኛው ቀን ሃያዎቹ ትልልቅ ከተሞች ተከተሉ። ከእነዚህ ከተሞች 244,237 ቤተሰቦች ተቃውሞ አስገብተው ነበር። ቁጥሩ ሲሰሙት አገር የተነሣ ያስመስላል፤ ከከተሞቹ ቤተሰቦች ብዛት ጋር ሲተያይ ግን 3 በመቶ አይሞላም። ቀሪው 97 በመቶ ወይ ግድ አልነበረውም፣ ወይ ቅጹን መሙላት ታክቶት ነበር።

ከዚያ በኤፕሪል 2011 ኩባንያው በጀርመን አዲስ ምስል እንደማያወጣ አሳወቀ። ልብ በሉ፤ የከለከለው ፍርድ ቤት አልነበረም። እንዲያውም አንዲት የቤት ባለቤት ላቀረቡት አቤቱታ የበርሊኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ የቤትን ፊት መቅረጽ ሕገ ወጥ አይደለም ብሎ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ጣጣው ከጥቅሙ ስለበለጠባቸው ተዉት። የወጡት ምስሎችም እስከ 2023 ሳይታደሱ ቆዩ። ሐምቡርግ ውስጥ በ2017 የተመረቀው ኤልብፊልሃርሞኒ የተባለ የሙዚቃ አዳራሽ በስትሪት ቪው ላይ ለዓመታት ገና ያልተጠናቀቀ ግንባታ ነበር።

ጥያቄ፦ «ዋይፋይ ሰረቁ» የሚባለው እውነት ነው? ፎቶ የሚያነሣ መኪና የእኔን ዋይፋይ ምን ያደርግለታል?

ከሁሉም በላይ እንዲጠየቅ የምፈልገው ይህ ነበር። ጀርመኖችን ያስኮረፋቸው ፎቶው ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ የተደበቀው ነገር ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለጉት። እያንዳንዱ የዋይፋይ ሳጥን ስሙንና የራሱን መለያ ቁጥር ሳያቋርጥ ወደ ውጭ ይናገራል። አንድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ «ይህ ሳጥን እዚህ ቤት አጠገብ ተሰማ» ብሎ ከመዘገበ፣ በኋላ ያንን ሳጥን የሚሰማ ስልክ ያለ ሳተላይት እርዳታ የት እንዳለ ማወቅ ይቻላል። ስልካችሁ ሕንጻ ውስጥ ሆኖም ቦታውን የሚያውቀው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያከራክራል እንጂ አያስደነግጥም።

በ2010 የሐምቡርግ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ዮሐነስ ካስፓር «መኪኖቻችሁ ከፎቶ ሌላ ምን ይሰበስባሉ?» ብለው አፋጠጡ። መልሱ «የአውታረ መረቡን ስምና የመሣሪያውን ቁጥር እንጂ በውስጡ የሚተላለፈውን አይደለም» የሚል ነበር። ኮሚሽነሩ በዚህ አልረኩም፤ የተሰበሰበው ይመርመር አሉ። በሜይ 14 ቀን 2010 ኩባንያው ራሱ ያልተቆለፈ ዋይፋይ ላይ የሚተላለፈውም ይዘት ተቀድቶ እንደነበር አመነ። በስሕተት የገባ ኮድ ነው አለ። መሣሪያው በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ከአንድ የዋይፋይ ሞገድ መስመር ወደ ሌላው ስለሚዘል የተቀዳው ቁርጥራጭ ብቻ ነው ሲባልም ቆየ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ግን ሙሉ ኢሜይሎችና የይለፍ ቃሎች ጭምር እንደተገኙ ኩባንያው ገለጠ።

ቅጣቱ ደግሞ ጉድ ነው። ሐምቡርግ በ2013 የቀጣችው 145,000 ዩሮ ነበር፤ ለቸልተኝነት ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ 150,000 ነበርና ኮሚሽነሩ ከዚህ የሚበልጥ ዱላ አልነበራቸውም። ከ2018 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከኩባንያው ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 4 በመቶ መቅጣት ያስችላል። ያኔ ይህ ሕግ ቢኖር ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።

ጥያቄ፦ በ2010 ባለቤቴ ቅጹን ሞልቶ ቤታችን ደብዝዞ ነበር። አሁን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ማን ገለጠው?

ማንም አልገለጠውም። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ጉግል የድሮዎቹን የ2008 እና 2009 ምስሎች አንሥቶ በአዲስ ተካቸው። የባለቤትዎ ጥያቄ የተያዘው በድሮው ምስል ላይ ስለነበር ከምስሉ ጋር አብሮ ሄደ። አዲስ ጥያቄ ማቅረብ አለባችሁ። ይህን በጊዜው በደንብ የተረዳ ሰው ጥቂት ነበር። የ2023ቱ ጩኸት ከ2010ሩ ጋር የሚወዳደር ስላልነበረ ወሬውም ቶሎ አለፈ።

ጥያቄ፦ ኦፈንባኽ ውስጥ በአንድ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ እከራያለሁ። የቤቱ ባለቤት ሳይፈቅዱ ማስደብዘዝ እችላለሁ? እንዴት?

ይችላሉ፤ ተከራይም መብት አለው። ምስሉን ከፍተው ከቤትዎ ፊት ይቁሙ፤ በጥጉ ያለውን ችግር የማሳወቂያ ምልክት ሲጫኑ ቀይ ክፈፍ ይመጣል። ክፈፉ ቤቱን በትክክል እንዲይዝ ምስሉን እየጎተቱ ያስተካክሉ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ክፈፉ የጎረቤትን ቤት ግማሽ ይዞ ይላካል። ከዚያ «ቤቴ ነው» የሚለውን ይምረጡ፤ የትኛው በር፣ የትኛው ቀለም እንደሆነ በአጭሩ ይጻፉ፤ የኢሜይል አድራሻዎን አስገብተው ይላኩ።

ከመላክዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛ፣ በተለምዶ የሚደበዝዘው ሕንጻው በሙሉ ነው። ምድር ቤት ያለው ባለ ሱቅ ደንበኛ በሩን እንዲያይለት ቢፈልግ የእርስዎ ጥያቄ እርሱንም ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ አንዴ ከደበዘዘ አይመለስም። ነገ ቤቱ ቢሸጥ፣ አዲሱ ገዢ ቢለምን፣ የሚሰማው የለም። እኔ ብሆን ቢያንስ የምድር ቤቱን ሰው አናግሬ ነበር የምልከው።

ጥያቄ፦ እናቴ ደሴ ሆነው የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ቤቴን አዩና «መኪናህ በር ላይ ቆማለች፤ ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» አሉኝ። በቀጥታ ነው እንዴ የሚታየው?

አይደለም፤ እናትህን አጽናናቸው። ምስሉ ከተነሣ ወራት ወይም ዓመታት አልፎት ሊሆን ይችላል። የተነሣበት ወርና ዓመት ምስሉ ላይ ተጽፏል፤ የልጅ ልጃቸው ያንብብላቸው።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነጠላዬን እንደለበስሁ ተቀርጬአለሁ። ፊቴ ደብዝዟል፤ ግን ከጓደኞቼ መካከል ያላወቀኝ የለም። ይህ እንዴት ነው መደብዘዝ የሚባለው?

እህቴ፣ ነጥብሽ ትልቅ ነው። ማሽኑ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የሰው ፊትና የመኪና ታርጋ። አለባበስን፣ አካሄድን፣ ቆመሽበት ያለውን ደጃፍ አያይም። በአንድ ሰፈር ውስጥ ነጠላ የምታደርገው ሴት አንዲት ብቻ ከሆነች ፊቷን መሸፈን ማንንም አያታልልም። በዚያው በችግር ማሳወቂያው በኩል ግን መላ ሰውነትሽ እንዲደበዝዝ መጠየቅ ትችያለሽ። ቀዩን ክፈፍ በራስሽ ላይ አድርጊና ቦታው የአምልኮ ስፍራ መሆኑን ጨምረሽ ጻፊ።

ስዊዘርላንድ ይህን ጥያቄ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወስዳዋለች። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር እያንዳንዱ ፊት ያለ ምንም ስሕተት ይሸፈን ብለው ከሰሱ። በ2012 ፍርድ ቤቱ ማሽኑ ከመቶ አንድ ያህል ቢስት ይታለፋል፤ ሰው ሲያመለክት ግን ወዲያው ይታረም አለ። በትምህርት ቤቶች፣ በሆስፒታሎች፣ በእስር ቤቶች፣ በሴቶች መጠለያዎችና በመሳሰሉት አካባቢ ግን ፊት መሸፈን አይበቃም፤ ሰውን የሚያሳውቀው ሌላው ምልክትም፣ የቆዳ ቀለምና ልብስ ሳይቀር፣ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ ብሎ ወሰነ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ከዚህ ዝርዝር ቢገባ ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ ካሜራው ከአጥራችን በላይ ያያል። እኔ በእግሬ ቆሜ የማላየውን እርሱ እንዴት ያያል?

ካሜራው መኪናው ጣሪያ ላይ ባለ ምሰሶ ስለሚቀመጥ ከሰው ዓይን በላይ ነው። ይህ ቅሬታ የብዙ አገር ነው። ጃፓን ውስጥ መንገዱ ጠባብ፣ አጥሩ ዝቅ ያለ በመሆኑ በ2009 ኩባንያው ካሜራውን በ40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ የቀረጸውን እንደገና ለመቅረጽ ተገድዷል። የስዊዙ ፍርድ ቤትም የታጠረ ግቢና አትክልት ቦታን በተመለከተ አላፊ አግዳሚው ከሚያየው በላይ አይታይ ብሏል። በአጥርዎ ላይ ተንጠልጥሎ ያየው ካለ በዚህ ምክንያት ማመልከት ይችላሉ፤ ጠንካራ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ሌቦች ይጠቀሙበታል ይባላል።

ሌባ ሰፈሩን በእግሩ ቢዞር የዛሬውን ያያል፤ ስትሪት ቪው ላይ የሚያየው የአምናውን ነው። ብዙ አልጨነቅበትም።

ጥያቄ፦ ቤታቸውን ያስደበዘዙ ሰዎች በእንቁላል ተደበደቡ የሚባለው ተረት ነው ወይስ እውነት?

እውነት ነው፤ ሰዎቹ ሳይሆኑ ቤቶቻቸው ናቸው የተደበደቡት። በኖቬምበር 2010 ኤሰን ከተማ ውስጥ ደብዝዘው የታዩ ቤቶች ላይ እንቁላል ተወረወረ፤ የደብዳቤ ሳጥኖቻቸው ላይም ጉግልን የሚያወድስ ወረቀት ተለጠፈ። ሰውየው እንዳልታይ ብሎ ባመለከተ ቤቱ ከመንገዱ ሁሉ ተለይቶ ታየ። ደብዛዛው ሕንጻ በምስሉ ውስጥ ዓይን የሚስበው እርሱ ነው። ይህን የምነግራችሁ ከማመልከት እንድትቀሩ አይደለም፤ በመብቱ የተጠቀመን ሰው በእንቁላል መደብደብ ነውር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባስ? ናይሮቢን ዞሬ አየኋት፤ የእኛን ግን አላገኘሁም።

ደቡብ አፍሪካ በ2010 ከዓለም ዋንጫው ጋር ተያይዞ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ጋናን፣ ሴኔጋልንና ናይጄሪያን የመሳሰሉ ተጨምረዋል። በኢትዮጵያ ካርታ ላይ የምታዩአቸው ዙሪያ ገባ ምስሎች በአብዛኛው ግለሰቦች የለጠፏቸው ናቸው፤ ሆቴል፣ አደባባይ፣ የላሊበላ ደጃፍ።

ቢኖር ጥቅሙን አልክድም። «ከፋርማሲው አለፍ ብሎ ሰማያዊው በር» እየተባለ በሚሄድበት ከተማ ውስጥ ሰማያዊውን በር አስቀድሞ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ የማንንም መኪና መጠበቅ የለብንም። ማፒላሪ የተባለው፣ በ2013 ስዊድን ውስጥ ተጀምሮ በ2020 ፌስቡክ የገዛው አገልግሎት፣ ማንም ሰው በስልኩ መንገድ እየቀረጸ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ፊትና ታርጋ በማሽን ይደበዝዛል፤ ምስሉን የኦፕን ስትሪት ማፕ (ማንም የሚያርመው ነጻ የዓለም ካርታ) በጎ ፈቃደኞች ካርታ ለመሥራት ይጠቀሙበታል።

ለክረምት ዕረፍት ስትገቡ እንሞክረው የምትሉ ካላችሁ ግን አደራ። ወታደራዊ ቦታ፣ ኤምባሲና የፀጥታ ተቋም አካባቢ ካሜራ አታውጡ፤ አካባቢውን የማታውቁት ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። የጎዳና ላይ ቀረጻ በስፋት ሲመጣ ማን ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ ማመልከቻ የት እንደሚገባ ጥያቄው አይቀርም። መኪኖቹ ከዞሩ በኋላ ሳይሆን በፊት ቢጠየቅ እመርጣለሁ፤ ጀርመን ውስጥ የተበላሸው ይህ ቅደም ተከተል ነበር።

ጥያቄ፦ ትናንት ካሜራ የተሸከመ መኪና በሰፈራችን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ የጉግል ስም ግን የለበትም። ምን ይሆን?

ብዙ ሊሆን ይችላል። አፕልም ለራሱ ካርታ የሚቀርጹ መኪኖች አሉት፤ ለጉግል ያቀረባችሁት ጥያቄ አፕልን አይመለከተውም፤ ለእርሱ ለብቻው ማመልከት ነው። ከዚህ ሌላ ከተሞች የመንገዳቸውን ጉዳትና የምልክቶቻቸውን ብዛት ለመመዝገብ፣ የስልክ ኩባንያዎች ደግሞ የፋይበር መስመር የት ሊቆፈር እንደሚችል ለማቀድ የሚያሰማሯቸው መኪኖች አሉ። እነዚህ ምስሎች በአብዛኛው ለሕዝብ አይወጡም። ጎኑ ላይ የድርጅት ስም ካለ ፎቶ አንሥተው ይያዙ። ከሌለ ለከተማው አስተዳደር ደውለው «በመንገዳችን ላይ ማን ነው የሚቀርጸው?» ብለው ይጠይቁ። ጀርመንኛው ካስቸገረዎ ጥያቄዎን ይላኩልኝ፤ ጽፌ እሰጥዎታለሁ።