መልስ፦ ሕገ መንግሥት ያለው አገር ሁሉ ሕገ መንግሥታዊ ነው?

አይደለም። «ሰነዱ ካለ ሥርዓቱም አለ ማለት አይደል ወይ?» ብለህ ነው የጠየቅከው፤ ግራ ያጋባህም ይኸው ነው። ሰነድና ሥርዓት ይለያያሉ። ሥርዓቱ አለ የሚባለው ሥልጣን የያዘው ሰው ራሱ በሕግ ሲገደብ ነው።

የሶቪየት ኅብረትን የ1936 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ተመልከት። የመናገር፣ የፕሬስና የመሰብሰብ ነፃነት በግልጽ ሰፍሮበታል። መንግሥትን «ተው» የሚል ነፃ ፍርድ ቤት ግን አልነበረም። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተረሸኑ።

ብሪታንያ ደግሞ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት የላትም። ሆኖም በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማው ለአምስት ሳምንት እንዲዘጋ ሲያደርጉ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 11 ዳኞች በአንድ ድምፅ ሕገ ወጥ ነው አሉ። ፓርላማው በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

ስለዚህ አንድን አገር ስትመዝን እነዚህን ጠይቅ፦

1. መንግሥት ተከሶ ሊሸነፍ ይችላል? ሲሸነፍስ ይታዘዛል? ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው።
2. ሕግ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመውና የሚዳኘው አካል የተለያየ ነው?
3. በምርጫ የተሸነፈ ወንበሩን ይለቃል?

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ተማሪ ሳለሁ የመብት አንቀጾችን ብቻ እየቆጠርኩ አገሮችን አወዳድሬ ነበር፤ ድምዳሜዬ ስህተት ሆነ። የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጹን፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ መብቶችን ማገድ የሚፈቅደውን፣ ዘልዬው ነበር። አንተ ከሱ ጀምር፦ ማን ያውጃል? ለስንት ጊዜ? ማንስ ያነሣዋል? ጀርመን ውስጥ በ1933 መሠረታዊ መብቶች የታገዱት በራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ነው።