ጥያቄና መልስ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በምን ይለካል?

በሐዋሳ የሒሳብና የካርታ ሥራ ወዳጆች ስለ ጂኦሜትሪያዊ የልኬት ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ውስብስብ ቅርጾች ርዝመታቸውና ስፋታቸው እንዴት እንደሚለካ ስለሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ፣ ላቀረባችሁልኝ ጥያቄዎች የሚከተለውን መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሐይቁን ዳርቻ ከሳተላይት ምስል ላይ የፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች) ጠርዞችን በመደመር ለካሁ። ከ30 ሜትር ፒክስል ወደ 10 ሜትር ብሻገርም ውጤቱ ከሚጠበቀው በላይ ነው። ስሕተቱ ከምስሉ ይሆን?

መልስ፦ ስሕተቱ ያለው በአቆጣጠሩ ነው። ስፋት ፒክስሉ ባነሰ ቁጥር ወደ እውነተኛው ይጠጋል፤ ዙሪያ ግን እንዲህ አይገራም። ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የ1 ኪሎ ሜትር ዳርቻ በምስሉ ላይ የደረጃ መልክ ይይዛል፤ ደረጃዎቹ የቱንም ያህል ቢያንሱ የአግድምና የቁም ጠርዞቻቸው ድምር ስለማይለወጥ፣ ፒክስሉን 1 ሜትር ቢያደርጉትም የሚያገኙት 1.41 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ የምመርጠው የክሮፍተንን ቀመር ነው። በእኩል ርቀት የተሰመሩ ትይዩ መስመሮችን በብዙ አቅጣጫ ምስሉ ላይ ያሳልፉ፤ በየአቅጣጫው ዳርቻውን ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጡ ቆጥረው አማካዩን በመስመሮቹ ርቀትና በፓይ ግማሽ ያባዙ። ርቀቱ 100 ሜትር፣ አማካዩ 60 ቢሆን 9.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዳርቻው ፍራክታል፣ ማለትም በቀረቡት ቁጥር አዳዲስ ጥምዝ የሚያሳይ ቅርጽ፣ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ የሒሳብ ሊቁ ሃውስዶርፍ በ1918 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ዳይሜንሽን (ለቀጥታ መስመር 1፣ ለወለል 2 የሆነው ቁጥር) ሙሉ ቁጥር ላይሆን እንደሚችል አሳየ፤ በየጎኑ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እየተጨመረበት የሚሠራው የኮክ ኩርባ ዳይሜንሽን 1.26 ገደማ ነው። ነገር ግን በሦስት የፒክስል መጠኖች ብቻ የተለኩ ርዝመቶችን በግራፍ ላይ በመስመር አያይዞ «ዳይሜንሽኑ ይህ ነው» ማለትን እኔ አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ምስሉን ከነጠብጣብ ለማጽዳትስ ይህ ትምህርት ይረዳል?

መልስ፦ በሚገባ። በ1992 እ.ኤ.አ. ሩዲን፣ ኦሸርና ፋተሚ የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ዘዴ የምስሉን የብርሃን እርከኖች፣ ማለትም ከአንድ የብርሃን መጠን በላይ የሆኑ ቦታዎችን፣ ዙሪያ ሁሉ ደምሮ ድምሩን ይቀንሳል። የክብ ዙሪያ ለስፋቱ ሲካፈል 2 ለራዲየሱ ተካፍሎ የሚገኘው ስለሚሆን፣ ለስፋቷ ብዙ ዙሪያ ያላት ትንሿ ነጠብጣብ ቀድማ ትጠፋለች። ችግሩ፣ ውሃው ላይ ያለች የዓሣ አጥማጅ ጀልባም በዚያው ሕግ ልትጠፋ ትችላለች።

ጥያቄ፦ ሃያ ዓምድ ያለው የመረጃ ሠንጠረዥስ ዳይሜንሽኑ ስንት ነው?

መልስ፦ እያንዳንዱን ረድፍ እንደ አንድ ነጥብ ይዩት፤ ከአንድ ነጥብ ዙሪያ የሚያዩትን ክልል ራዲየስ እጥፍ ያድርጉት፤ በውስጡ የሚገኙት ነጥቦች አራት እጥፍ ከሆኑ፣ ዓምዶቹ ሃያ ቢሆኑም መረጃው በዚያ አካባቢ እንደ ወለል ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ነው።