ወረቀቱ ከበሩ ላይ ሲነሣ

ሰላም ልጆቼ። ጎንደር አራዳ ላይ መድኃኒት ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ዘንድሮ ተመርቃችሁ ፋርማሲ ለምትገቡ፣ ወይም ኢንስፔክተር ሆናችሁ ለምትቀጠሩ፣ ውስጤ የቆየ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የታሸገ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ። በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይለጠፋል። መንገደኛው ቆም ብሎ ያነባል፣ ትንሽ ያንሾካሹካል፣ ያልፋል። ከሳምንታት በኋላ ቤቱ ይከፈታል፣ ወረቀቱም ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ለምን እንደታሸገ፣ ምን እንደተገኘበት፣ ምን አስተካክሎ እንደተከፈተ ማወቅ የፈለገ ሰው የት ይሂድ? ፋይሉማ አለ። ቢሮ ውስጥ፣ ቁምሳጥን ውስጥ።

ከዓመታት በፊት ከአንድ አከፋፋይ ዕቃ እወስድ ነበር። ደረሰኙ የተሟላ፣ ሰዎቹ ትሁት፣ ዋጋቸውም ደህና። አንድ ቀን ዕቃ የሚያመጣልኝ ሾፌር ሻይ እየጠጣን «እነሱ እኮ አምና ሌላ ከተማ ላይ ታሽገው ነበር፣ መጋዘናቸው ሙቀት አይከላከልም ተብሎ» አለኝ፣ እንደ ዋዛ። ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እኔ ከእነሱ የምወስደው የሕፃናት አንቲባዮቲክ ነበር። መድኃኒት ሙቀት ሲመታው መልኩ ሳይለወጥ አቅሙ ሊደክም ይችላል፤ ጠርሙሱን አይታችሁ አታውቁትም። ለስንት እናት ሰጥቻለሁ? የትኛው ልጅ ሳይሻለው ተመልሶ መጣ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ያስታውሰኛል፣ ያመኛልም።

እዩት እንግዲህ፣ ተቆጣጣሪው ሥራውን ሠርቷል። ሄዷል፣ አይቷል፣ አሽጓል። ያየው ነገር ግን እኔ ዘንድ አልደረሰም። መንግሥት የሚያውቀውን እኔ ከሾፌር ሰማሁ።

አሜሪካኖቹ እዚህ ላይ የሚያደርጉትን ተመልከቱ። የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪያቸው ኤፍዲኤ ለአምራቾች የሚጽፈውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ድረ ገጹ ላይ ያወጣዋል። እዚሁ ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ በስልካችሁ ታነቡታላችሁ። የኩባንያው ስም አለ፣ ፋብሪካው የተፈተሸበት ቀን አለ፣ የታየው ጉድለትና የተጣሰው ድንጋጌ አለ። ኩባንያው መልስ እንዲሰጥ 15 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። ጉድለቱን አስተካክሎ ሲገኝ ደግሞ የመዝጊያ ደብዳቤ ሊወጣለት ይችላል፤ ይቺን በጣም እወዳታለሁ፣ ምክንያቱም ያጠፋ ሰው ሲያስተካክልም መታየት አለበት። በ2008 እ.ኤ.አ. የሕንዱ መድኃኒት አምራች ራንባክሲ ስለ ሁለት ፋብሪካዎቹ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደረሰው፤ ከ30 በላይ መድኃኒቶቹም አሜሪካ እንዳይገቡ ታገዱ። በ2013 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ በጥፋተኝነት ሲያልቅ ኩባንያው 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በመካከሉ ወደ 5 ዓመት ገደማ አለ። በእነዚያ ዓመታት ደብዳቤዎቹን ያነበበ ገዢ፣ የትም አገር ይሁን፣ አቅራቢውን ቢያንስ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

«ያ እነሱ አገር ነው» እንዳትሉኝ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከከለከሏችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቅሬታ ታቀርባላችሁ፣ ቀጥሎ እንባ ጠባቂ አለ። አዎ፣ ያደክማል። ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? እኔ ራሴ በዚያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። መዝገብ ስታገኙ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ኢንስፔክተር በመጀመሪያው ቀን የጻፈው ምልከታ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ይግባኝ ተብሎበት ይሆናል፣ ተስተካክሎ ይሆናል። ስሙን ብቻ ቆርጣችሁ ቴሌግራም ላይ ብትለቁት የሰው እንጀራ ትገድላላችሁ። ቀኑን እዩ፣ ቅርንጫፉን እዩ፣ የባች ቁጥሩን፣ ማለት በአንድ ዙር አብሮ የተመረተው መድኃኒት የሚለይበትን ቁጥር፣ እዩ። ያገኛችሁትንም አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለጎንደር ልጅ አይነገረውም።

ኢንስፔክተር የምትሆኑት ደግሞ ስሙኝ። ይቺ ከተማ በ1940ዎቹ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ማሠልጠን የጀመረች ከተማ ናት። ገብቶ ማየትና መመዝገብ እዚህ የቆየ ሙያ ነው። እና ሪፖርታችሁን ለአለቃችሁ ብቻ አትጻፉት። «ጉድለት ተገኝቷል» ብሎ ማለፍ ለማንም አይረዳም። መጋዘኑ ስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር? የትኛው መድኃኒት፣ የትኛው ባች፣ ከመቼ ጀምሮ? አንዲት እናት ብታነበው ቤቷ ያለውን ጠርሙስ አንስታ ማመሳከር እንድትችል አድርጋችሁ ጻፉት። ቢሮአችሁ ድረ ገጽ ካለው እዚያ ይውጣ ብላችሁ ጠይቁ፣ ባይሰሟችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ድገሙት።

ለመጠየቅ የምትነሡት ግን ከነገ ጀምሩ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ስጡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የተቀበላችሁ ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምበት። 30ውን ቀን ከዚያች ቀን ቁጠሩ።