ፀሐይ ኦዞንን «ቀደደች» ይባላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ሰሞኑን ፀሐዩ ሲከር ጎረቤቴ፣ «ፀሐይ ጨረሯን ጨምራ ኦዞኑን ቀደደችው፤ የአየር ንብረቱ ዛሬ የከፋው ለዚህ ነው» አለችኝ። ትክክል ተናግራለች?

መልስ፦ ሰዋስዉ ደህና ነው። ችግሩ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ላይ ነው። «ቀደደ» ተሻጋሪ ግስ ስለሆነ አድራጊ ይፈልጋል፤ ጎረቤትዎም ጥፋቱን ለፀሐይ ሰጡ። ይህ ግን ግፍ ነው። ኦዞንን፣ ማለትም ከላይ በአየሩ ውስጥ ሆኖ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚውጠውን ጋዝ፣ የምትሠራውም እሷው ናት! የሞገድ ርዝመቱ ከ242 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ያጠረው አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ዓይን የማያየው፣ ጨረሯ የኦክስጅንን ሞለኪውል ለሁለት ይሰነጥቃል፤ የተነጠለው አቶም ከሌላ የኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ሲገጥም ኦዞን ይሆናል። እርግጥ ረዘም ያለው ጨረር ኦዞንን መልሶ ይበትናል። ቢሆንም ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ ዑደቷ ስትበረታ ሚዛኑ ወደ መሥራቱ ያደላል፤ ኦዞንም በጥቂቱ ይጨምራል።

በደቡብ ዋልታ በኦዞኑ ላይ ለደረሰው ጉዳት ዋናው ተጠያቂ ከቆዩ ማቀዝቀዣዎችና ከሚረጩ ጣሳዎች በወጣ ጋዝ ውስጥ ያለው ክሎሪን ነው። እነዚህን ጋዞች ለመገደብ የሞንትሪያል ስምምነት የተፈረመው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያም ቢሆን ኦዞኑ እንደ ጨርቅ አልተተረተረም። እኔ «ሳሳ» የሚለውን እመርጣለሁ። «የኦዞን ቀዳዳ» ግን ስለተለመደ አልጣላውም።

«የአየር ንብረት ዛሬ ከፋ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ዛሬ የሚከፋው የአየር ጠባይ ነው። የአየር ንብረት ግን የዚህ ጠባይ የብዙ ዓመት፣ በተለምዶ የ30 ዓመት፣ አማካይ ነው። ቃሉ በቦታው የሚገባው እንዲህ ስንል ነው፦ «የፀሐይ አልትራቫዮሌት መለዋወጥ በኦዞን በኩል የአየር ንብረትን ይነካል።» በዑደቱ የፀሐይ ጠቅላላ ኃይል የሚለዋወጠው 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 200 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ጨረር ግን በበርካታ በመቶ ይለዋወጣል። ኦዞን ጨረሩን ሲውጥ ስትራቶስፌር፣ ማለትም ኦዞን የሚበዛበት የላይኛው የአየር ንብርብር፣ ይሞቃል፤ የላይኛው ነፋስ አካሄድ ይቀየራል፤ ውጤቱም አንዳንዴ ወደ ታች ይደርሳል። ባለፉት አሥርት ዓመታት ለታየው የዓለም ሙቀት መጨመር ግን ምክንያቱ ይህ አይደለም።

የለገጣፎን ፀሐይ ያከረረው ሌላ ነገር ነው። አካባቢያችሁ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ከፍታውም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር ደግሞ እንደ ሙቀት አይሰማም፤ እንጦጦ አናት ላይ ብርድ እያንዘፈዘፈዎት ፊትዎን ሊያቃጥልዎት ይችላል። ስለዚህ ጎረቤትዎ «ፀሐዩ አቃጠለኝ» ቢሉ ይበቃቸዋል፤ ኦዞንን መጥራት አያስፈልግም።