ጥያቄና መልስ፦ የአውሮፓውያን የፋሲካ ማዕድና የእኛ ጾም

ጥያቄ፦ መምህራችን፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ባለቤቴና እኔ ከሁለት ልጆቻችን ጋር በጀርመን አገር እንኖራለን። በየዓመቱ የፋሲካ ሰሞን ሲደርስ ግራ እንጋባለን። ልጆቻችን በመዋዕለ ሕፃናት እንቁላል ሲቀቡና «ጥንቸል የደበቀችውን» ቸኮሌት ሲፈልጉ ይውላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እኛ በዚያን ወቅት ገና በጾም ላይ ነን። ፖላንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ «በካህን የተባረከ ነው» ብላ ከቅርጫቷ ታካፍለኛለች። ሰርቢያዊት ጎረቤታችን ደግሞ ቀይ እንቁላልና ዳቦ ታመጣልናለች፤ ከእንቁላሎቹ አንዱን ሳንበላ እስከሚመጣው ዓመት ብናስቀምጠው ቤታችንን እንደሚጠብቅልንም ነግራናለች። በሌላ በኩል እንቁላሉም ጥንቸሉም የጣዖት አምልኮ ቅሪት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን እንቀበል፣ የትኛውንስ እንተው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅታችን፣ መልሱን ከጾም መጀመር ይኖርብኛል፤ ዛሬ በአውሮፓ የፋሲካ ገበታ ላይ የሚያዩዋቸው እንቁላል፣ ቅቤ፣ አይብና የበግ ሥጋ በአንድ ወቅት በዚያው አገር በዐቢይ ጾም የተከለከሉ የፍስክ ምግቦች ነበሩና። በመካከለኛው ዘመን የነበረው የምዕራቡ ክርስቲያን ልክ እንደ እኛ ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላልም ይከለከል ነበር። ዶሮ ግን ጾም አታውቅምና በጸደይ ወራት ይልቁን አብዝታ ትጥላለች፤ የተጠራቀመው እንቁላል ይቀቀላል፣ ቀለም ይነከራል፣ በትንሣኤ ዕለትም ለልጅ፣ ለጎረቤትና ለድሃ ይሰጣል። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1290 ለፋሲካ 450 እንቁላል አስገዝቶና አስጊጦ ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች እንዳደለ በቤተ መንግሥቱ የወጪ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ሩሲያውያን ቅቤና እንቁላል የበዛበትን ኩሊች የተባለውን ረጅም ዳቦና ከአይብ የሚሠራውን ፓስኻን፣ ሮማንያውያን አይብ የተሞላውን ፓስካ የተባለ ዳቦ፣ ግሪኮች ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ የሚጠጡትን ማጊሪጻ የተባለ የበግ ሆድ ዕቃ ሾርባ ሲያዘጋጁ ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ በጾም የተለዩትን ምግብ በደስታ ይቀበላሉ። እኛ ከዶሮው ወጥ ጋር እንቁላል የምናቀርበው፣ አይቡንና ቅቤውን ለዚያ ሌሊት የምናዘጋጀው ከዚህ በተለየ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ በምዕራቡ ዓለም ምን ሆነ? ጾሙ ቀስ በቀስ ላላ። በፈረንሳይ በሩዋን ከተማ ያለው ካቴድራል ከግንቦቹ አንዱ እስከ ዛሬ «የቅቤ ግንብ» ይባላል፤ በዐቢይ ጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የተሰጣቸው ምእመናን በከፈሉት ገንዘብ እንደተሠራ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1522 በዙሪክ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ በዐቢይ ጾም ቋሊማ ተበላ፤ በስፍራው የነበረው ካህን ዝዊንግሊ ድርጊቱን በስብከት ተከላከለ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ የተሐድሶ (የፕሮቴስታንት) አገሮች የታወጀ ጾም ግዴታ መሆኑ ቀረ። በካቶሊካውያን ዘንድም ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ድንጋጌ የጾም ግዴታ በጾሙ መግቢያ ረቡዕና በዕለተ ስቅለት ብቻ ተወሰነ፤ በዓርብ ቀናት ከሥጋ መከልከሉ ግን ቀጠለ። እንዲህ ሆኖ ጾሙ ከብዙ ቤቶች ሲወጣ የጾሙ መፍቻ ምግብ በገበታ ላይ ቀረ። ልጆችዎ በመዋዕለ ሕፃናት የሚቀቡት እንቁላል ከዚህ የመጣ ነው።

«የጣዖት ቅሪት ነው» የሚለውን ንግግር ብዙ አልቆይበትም። ሰዎቹ መነሻ የሚያደርጉት እንግሊዛዊው መነኵሴ ቤዳ እ.ኤ.አ. በ725 የጻፈውን ነው፤ ቤዳ የአገሩ ሰዎች በአሕዛብነታቸው ዘመን አንዱን ወር በአንዲት ሴት ጣዖት ስም ይጠሩት እንደነበር በአጭሩ ይጠቅሳል፤ ስለ እንቁላልም ሆነ ስለ ጥንቸል ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ጥንቸሏን ከጣዖቲቱ ጋር ያገናኙት የ19ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊዎች ናቸው። እንቁላል የምታመጣው ጥንቸል በጽሑፍ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1682 ከአልዛስና ከአካባቢው ሲሆን፣ ያኔም አዋቂዎች የሚስቁባት የሕፃናት ተረት ነበረች። በዌስትፋሊያ እንቁላሉን የሚያመጣው ቀበሮ፣ በስዊዘርላንድ አንዳንድ ስፍራዎች ወፍ ነበር። በፈረንሳይ ደግሞ ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ደወል ስለማይደወል ለልጆች «ደወሎቹ ወደ ሮም ሄደዋል፤ ሲመለሱ ጣፋጭ ያመጡላችኋል» ይባላቸዋል። አንዳቸውም ለጣዖት የቀረበ መሥዋዕት አይደሉም። ስለዚህ በዚህ ሕሊናዎ አይታወክ።

ዋናው ጉዳይ ጊዜው ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ወሰኑ። ይህ አንድነት የተናጋው የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 የዘመን አቆጣጠሩን ካሻሻሉ በኋላ ነው። እኛ በባሕረ ሐሳብ የምናወጣው ቀን ከግሪኮች፣ ከሰርቦች፣ ከሩሲያውያንና ከሮማንያውያን ጋር አንድ ሲሆን ከምዕራባውያኑ ጋር ግን አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ ይራራቃል። በ2017 ዓ.ም. ሁላችንም ሚያዝያ 12 ቀን አከበርን። በ2018 የእነርሱ መጋቢት 27፣ የእኛ ሚያዝያ 4 ነው፤ መጋቢት 27 ለእኛ ጥንተ ስቅለት የሚታሰብበት ዕለት መሆኑን ልብ ይሏል። በ2019 ልዩነቱ አምስት ሳምንት ይሆናል፤ የእነርሱ ፋሲካ መጋቢት 19 በእኛ በመጻጉዕ እሑድ ይውላል፣ ማለትም እኩለ ጾም ለሚሆነው ለደብረ ዘይት ገና አንድ ሳምንት ሲቀረን ማለት ነው።

በቀን መለየታችን ብቻውን ሰዎቹን ለመንቀፍ ምክንያት እንዳይሆንዎት አደራ እላለሁ። በሃይማኖት አንድ የሆንናቸው እኅት አብያተ ክርስቲያናት፣ የአርመንና የሕንድ ኦርቶዶክሳውያን፣ ፋሲካን ከምዕራባውያኑ ጋር ያከብራሉ፤ ይህም ሆኖ ከአንድነታችን አልወጡም። ነገር ግን እያንዳንዱ በተቀበለው ሥርዓት ይጾማል፣ በተቀበለው ሥርዓት ይፈስካል። የእርስዎ ጾም የሚፈታው ጎረቤት ስለፈሰከ አይደለም፤ በትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴው ሲፈጸም ነው።

አንዳንዶች ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ «የማያምን ሰው ቢጠራችሁ ያቀረበላችሁን ሳትመረምሩ ብሉ» ማለቱን (1ኛ ቆሮ. 10፥27) ይጠቅሳሉ። በዚያ ስፍራ የተነሣው ጥያቄ በሥጋ ገበያ የሚሸጠው ለጣዖት ተሠውቶ ይሆን ወይ የሚል ነው፤ ጌታችን «ሙሽራው ከእነርሱ በሚወሰድበት ጊዜ ይጾማሉ» ያለውን ጾም ሐዋርያው አልሻረም። ስለዚህ በጾም ሳሉ የቀረበልዎትን የፍስክ ምግብ በትሕትና «የእኛ ፋሲካ ገና ነው፤ ስለ ፍቅርሽ አመሰግናለሁ» ብለው ይመልሱ። ስለ ጾምዎ ረጅም ማብራሪያ መስጠት፣ ይልቁንም «እናንተ አትጾሙም» የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ማከል አይገባም፤ ጌታችን የጾመውን ሰው ራሱን እንዲቀባ፣ ፊቱንም እንዲታጠብ ያዘዘው ስለዚህ ነውና። የሚቆይ ነገር ከሆነ ተቀብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው በመሆናቸው፣ የተቀመጠው ቸኮሌት የሚበላበት ጊዜ አይጠፋም።

ስለ ፖላንዳዊቷ ባልደረባዎ ቅርጫት አንድ ነገር ልጨምር። በፖላንድ ምእመናን በቀዳም ሥዑር እንቁላል፣ ዳቦ፣ ጨው፣ ቋሊማና ከቅቤ የተቀረጸ በግ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ፤ ካህኑ ይባርክላቸዋል፤ እሑድ ማለዳ ቤተሰቡ የተባረከውን እንቁላል ቆራርሶ ከመልካም ምኞት ጋር ይካፈላል። ይህ በእውነት ያማረ ልማድ ነው፤ ጾሙ ከላላባቸው አገሮች መካከል ምግብ የጸሎት ነገር መሆኑን ይህን ያህል የጠበቀ ጥቂት ነው። የተባረከው ምግብ ከቅዱስ ቁርባን ጋር መምታታት የለበትም፤ ቁርባን የምንቀበለው በቤተ ክርስቲያናችን ብቻ ሲሆን፣ ከባልደረባ ቅርጫት እንቁላልና ዳቦ መቅመስ ግን የማዕድ መጋራት ነው። የሚጠነቀቁት በቋሊማውና በካም ነው፤ ብዙውን ጊዜ የእሪያ ሥጋ ነውና፣ እኛም በሥርዓታችን ከእሪያ ሥጋ እንርቃለን። የማይታይም አለ፤ የናፖሊው ካዛቲዬሎ የተባለው የፋሲካ ዳቦ በአሳማ ስብ ይለወሳል፤ በስፔን ሳላማንካ የሚጋገረው ኦርናሶም በውስጡ የአሳማ ሥጋ አለው። አንድ ጊዜ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌላም ሰዎች የሚስቱበት ነገር አለ፤ በአውሮፓ የጾም ወይም የስቅለት ምግብ የሚባል ሁሉ ለእኛ የጾም ምግብ አይደለም። እንግሊዛውያን በዕለተ ስቅለት የሚበሉት መስቀል የተሠራበት ትንሽ ዳቦ ወተትና ቅቤ አለው፤ ስፔናውያን በዐቢይ ጾም የሚያዘወትሩት ቶሪሃ በወተትና በእንቁላል የተነከረ ዳቦ ነው። የፊንላንዱ ማሚ ግን ራይ ከተባለው እህል ዱቄት፣ ከብቅል፣ ከውኃና ከጨው የሚሠራ ጥቁር ገንፎ በመሆኑ፣ ከላዩ የሚያፈሱበትን ክሬም ካስቀሩለት በእኛም ጾም ይበላል፤ መልኩን አይቶ የሚደፍረው ከተገኘ።

ወደ ልጆችዎ ልመለስ። እንቁላል መቀባቱና መፈለጉ ጨዋታ ነው፤ ከባልንጀሮቻቸው ለይቶ ጥግ ማስቀመጥ ጾምን የቅጣት ያህል እንዲጠሉት ያደርጋል እንጂ አያስተምራቸውም። ይቅቡ፣ ይፈልጉም፤ ያገኙትን ግን ወደ ቤት ያምጡት፣ እናንተም በአንድ ዕቃ አኑሩላቸው። በዕድሜያቸው መጠን ጾምን የሚለማመዱ ከሆነ ያንን ዕቃ አይተው መታገሣቸው ራሱ ትምህርት ነው፤ በትንሣኤ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ እናንተው በቤት ውስጥ ደብቃችሁ እንደገና እንዲፈልጉት ብታደርጉ ደስታው ከበዓሉ ጋር ይያያዝላቸዋል። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት እንስሳት የተቈጠረች ብትሆንም ቸኮሌቱ የጥንቸል ሥጋ አይደለም፤ እርሱን አትፍሩ። ይልቁንስ እንደ ላስቲክ የሚለጠጡት ጣፋጮች ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን ሊኖራቸው ስለሚችል ማሸጊያውን ያንብቡ። ጥንቸሏም ተረት መሆኗን ይንገሯቸው፤ የክርስቶስ ትንሣኤ በልጆቹ አእምሮ ከተረት ጋር በአንድ መደርደሪያ እንዳይቀመጥ።

ሰርቢያዊቷ ጎረቤትዎ የፋሲካ ቀኗ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ያመጣችልዎትን በትንሣኤ ዕለት ያለ ሥጋት ይብሉ። ቀዩ እንቁላል በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ታላቅ ስፍራ አለው፤ ግሪኮች በጸሎተ ሐሙስ፣ ሰርቦች በዕለተ ስቅለት ቀይ ይነክሩታል። ቀለሙ የጌታችንን ደም፣ ቅርፊቱ መቃብሩን፣ የቅርፊቱ መሰበር ትንሣኤውን ያመለክታል ብለው ያስተምራሉ። ቅድስት ማርያም መግደላዊት በጢባርዮስ ቄሳር ፊት ትንሣኤውን ስትመሰክር በእጇ የያዘችው እንቁላል ቀላ የሚል ትውፊትም አላቸው። በገበታ ላይ እንቁላል ከእንቁላል እያጋጩ አንዱ «ክርስቶስ ተነሥቷል» ሲል ሌላው «በእውነት ተነሥቷል» ብሎ ይመልሳል፤ እኛ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስንባል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለን እንደምንመልሰው ማለት ነው። ልጆችዎ ይህን ከጎረቤታቸው ልጆች ጋር ቢያደርጉት አልቃወምም፤ እንቁላሉ ያልተሰበረበት ሰው ዓመቱን ሙሉ ዕድለኛ ይሆናል የሚለውን ጭማሪ ግን ከጨዋታነት አያሳልፉት።

ለዓመት የሚቀመጠው እንቁላል ግን ሌላ ነገር ነው። በሰርቦች ልማድ መጀመሪያ የተነከረው እንቁላል የቤት ጠባቂ ተብሎ እስከሚመጣው ፋሲካ ይቀመጣል። የትንሣኤን መታሰቢያ በቤት ማኖር በራሱ ክፉ አይደለም፤ እኛም በቀዳም ሥዑር ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ የሚያድሉንን ቄጤማ በራሳችን ላይ እናስራለን። ነገር ግን ቄጤማው የምሥራች ምልክት ነው እንጂ ክፉን ያርቅልናል ብለን የምናስረው ክታብ አይደለም። እንቁላሉ ቤት ይጠብቃል ተብሎ ከታመነበት የእግዚአብሔርን ስፍራ ይይዛል፤ መዝሙረኛው «እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል» ይላልና። ለዚህ ብለው ጎረቤትዎን አያስቀይሟት፣ እንቁላሉንም በፊቷ አይጣሉት። አመስግነው ተቀብለው በትንሣኤ ዕለት ከልጆችዎ ጋር ይብሉት፤ የት እንዳስቀመጣችሁት ብትጠይቅም ተካፍላችሁ እንደበላችሁት በግልጽ ይንገሯት፤ እርስዎም በተራዎ ከዶሮው ወጥ በእንጀራ አድርገው ይላኩላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።