ፕሮሊን ርካሽ ከሆነ ሬዚን ላይ ለምን እናስረዋለን?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ባህር ዳር የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። አድቫይዘሬ ፕሮሊንን ፖሊስታይሪን ሬዚን ላይ አስረሽ እያጣራሽ ደጋግመሽ የምትጠቀሚበት ካታሊስት ስሪ ብሎኛል። ግን ፕሮሊን እኮ ርካሽ አሚኖ አሲድ ነው፣ ሬዚኑና ለማሰር የሚሄደው ኬሚካል ከራሱ ከፕሮሊኑ በላይ ያወጣል። ታዲያ ግሪን የሚባለው ምኑ ላይ ነው? እሱን ለመጠየቅ ፈርቼ ነው ለናንተ የፃፍኩት።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ አትፍሪው፣ እንዲያውም ቲሲስሽ መጀመሪያ ላይ መግባት ያለበት እሱ ነው።

ለሌሎቹ አንባቢዎች ትንሽ ላብራራ። ካታሊስት ሪአክሽን የሚያፋጥን ግን ራሱ የማያልቅ ነገር ነው፣ ሬዚን ደግሞ እዚህ ጋ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች ማለት ነው። ብዙ የመድሃኒት ሞለኪውሎች እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው፣ ይመሳሰላሉ ግን የቀኝ ጓንት ግራ እጅ ላይ ልክ አይሆንም፣ ሰውነታችን ደግሞ ሁለቱን ይለያቸዋል። አንዱን እጅ ብቻ አብዝቶ መስራት ነው አሲሜትሪክ ሲንተሲስ የሚባለው። ለዚህ ስራ ለረጅም ጊዜ ኢንዛይም ወይ ሜታል ያለበት ካታሊስት ነበር የሚታሰበው፣ በ2000 ግን ቤንጃሚን ሊስትና ባልደረቦቹ ፕሮሊን ብቻዋን አሴቶንን ከአልዲሃይድ ጋር እንደምታገናኝ አሳዩ፣ በዛው ዓመት ዴቪድ ማክሚላን በሌላ ትንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ሌላ ሪአክሽን ሰራ፣ ሁለቱም በ2021 ኖቤል ወሰዱ። የፕሮሊን አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ክፍሏ) አሴቶኑን ይይዛል፣ አሲዷ ደግሞ አልዲሃይዱን በሃይድሮጅን ስባ በአንድ ጎን ብቻ እንዲጠጋ ታደርገዋለች፣ በቃ ይሄው ነው ሚስጥሩ፣ እኔ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። በዛ ስራ የገባው ፕሮሊን 30 ሞል ፐርሰንት አካባቢ ነበር፣ ማለትም ለ100 የአልዲሃይድ ሞለኪውል 30 የፕሮሊን ሞለኪውል። ካታሊስት ማለት ትንሽ ገብቶ ብዙ የሚሰራ ነው ብለን ነው የተማርነው፣ ስለዚህ ጠጣር ነገር ላይ እንሰረውና አጣርተን መልሰን እንጠቀምበት የሚለው ሃሳብ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ዓላማሽ ተራ ፕሮሊንን ማትረፍ ብቻ ከሆነ ልክ ነሽ አያዋጣም፣ ፕሮሊን ውሃ ውስጥ በደንብ ስለሚሟሟ ሪአክሽኑ ሲያልቅ በውሃ ብታጥቢው ከምርቱ ይለይልሻል። ግን ማሰር ማትረፍ ብቻ አይደለም። ስፔን ታራጎና ያለው የሚኬል ፔሪካስ ቡድን በ2006 ሃይድሮክሲፕሮሊንን ፖሊስታይሪን ላይ አስሮ ሪአክሽኑን ውሃ ውስጥ ሰራው። ፖሊስታይሪን ውሃ አይወድም፣ ኬቶኑና (የአሴቶን ዘመድ ነው) አልዲሃይዱም እዛው ሬዚኑ ውስጥ ካታሊስቱ ጋ ይሰበሰባሉ፣ በ2000ው ስራ የገባው ዲኤምኤስኦ የሚባለው ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) አላስፈለገም ማለት ነው። ሃይድሮክሲፕሮሊን የተመረጠችው 4ኛው ካርቦን ላይ ተጨማሪ ኦኤች ስላላት ነው፣ በእሱ በኩል ስታስሪያት አሚኑና አሲዱ ነፃ ሆነው ስራቸውን ይሰራሉ። በአሲዱ በኩል ብታስሪያት ግን ያንን አልዲሃይዱን የሚስበውን ሃይድሮጅን ገደልሽው።

ሌላው፣ ፕሮሊን ለመማሪያ ጥሩ ናት እንጂ ማሰር የምር የሚከፍለው ውድ በሆኑት ላይ ነው፣ ሲንኮና ከሚባለው ዛፍ ልጣጭ በሚገኙ አልካሎይዶች የሚሰሩት ስኳራማይድና ታዮዩሪያ የሚባሉት ካታሊስቶች፣ ወይም ከፕሮሊን የሚሰራው የሃያሺና ዮርገንሰን ካታሊስት የሚባለው። እነሱ በብዙ ደረጃ የሚሰሩ ናቸው፣ አንዴ ተጠቅሞ መጣል ያሳዝናል። የመጨረሻው ግን ሲሊሉ (ሲሊከን ያለበት ክፍሉ) ቀስ በቀስ እየተነቀለ ይደክማል፣ ሬዚን ላይ ስለታሰረ ከዛ አይድንም።

አሁን በጣም የምለምንሽ ነገር፣ "10 ጊዜ ተጠቀምንበት" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስትፅፊ ሂሳቡን ስሪው። 10 ሞል ፐርሰንት ካታሊስት 10 ጊዜ ሰራ ማለት በጠቅላላ ለአንድ የካታሊስት ሞለኪውል 100 የምርት ሞለኪውል ወጣ ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ 1 ሞል ፐርሰንት አንዴ ተጠቅሞ ከመጣል ጋር እኩል ነው። በየዙሩ መሃል ሬዚኑን የምታጥቢበትን ሶልቨንትም በሚሊሊትር መዝግቢ፣ መድሃኒት ሲሰራ ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው ሶልቨንት ነውና።

ሁለተኛው፣ በየዙሩ 24 ሰዓት ጠብቀሽ ምርቱን ብቻ አትለኪ። ሪአክሽኑ በ6 ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ ካታሊስቱ ግማሹ ቢሞትም በ24 ሰዓት ያው 95 ፐርሰንት ያሳይሻል፣ አንቺም ምንም አልቀነሰም ብለሽ ትፅፊያለሽ። ገና ግማሽ ላይ እያለ ናሙና ውሰጂና ፍጥነቱን ከመጀመሪያው ዙር ጋር አወዳድሪ። መሃል ላይም አጣሪና ፈሳሹን ብቻውን ተይው፣ ከቀጠለ ካታሊስቱ ከሬዚኑ እየተነቀለ ነው።

ስለ እጅ ስራው ደግሞ፣ ሬዚኑ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ ማበጥ አለበት፣ ካላበጠ ውስጥ ያለው ካታሊስት ጋ ምንም አይደርስም። ውሃ ውስጥ ብቻውን አያብጥም፣ ኬቶኑ ነው የሚያሳብጥልሽ። በማግኔት ስተረር አትፍጪው፣ ፍሬዎቹን ሰባብሮ ማጣሪያሽን ይደፍነዋል፣ ሼከር ላይ አድርጊው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ይሄ ነገር ከፍላስክ ወጥቶ ያውቃል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለፋብሪካ የሚስማማው ኮለም፣ ማለትም ቱቦ ነው። የታሰረውን ካታሊስት ኮለም ውስጥ ሞልተህ ጥሬ እቃውን በፓምፕ በአንድ በኩል ታስገባለህ፣ ምርቱ በሌላ በኩል ይወጣል፣ ማጣራት የለ፣ ዙር የለ፣ ሬዚኑን የሚፈጭ ስተረርም የለ። የፔሪካስ ቡድንም ከፍላስክ ወደዚሁ ነው የሄደው። ከኮለሙ የሚወጣውን የግራና የቀኝ እጅ ሞለኪውል መጠን በየሰዓቱ ካልለካህ ግን ካታሊስቱ መድከሙን የምታውቀው የተበላሸ በርሜል ከሞላህ በኋላ ነው።